የ«ና» ብዙ አገሮች

ሞያሌ ላይ ማለዳ ቁርስ ቤት ገብቶ ዙሪያውን ለሚያዳምጥ ሰው አንዲት ድምፅ ከየአቅጣጫው ትደርሰዋለች። ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር «ሻይና ዳቦ» ብሎ ያዛል። ከናይሮቢ በኩል የመጣው የሙያ ባልደረባው የለመደውን በስዋሂሊ ይጠይቃል፤ «ቻይ ና ምካቴ»። ያው ሻይና ዳቦ ነው። በር ላይ አንዲት የቦረና እናት ቀድሟት የሚሮጠውን ልጇን «ና ኤጊ» ትለዋለች፤ ጠብቀኝ ማለቷ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው በሶማሊኛ «ናኣ!» እያለ ሴት ይጣራል። የእኛው ሾፌርም ረዳቱን ከመኪናው ሥር ብቅ ሲል ያየውና «ና፣ ሻይ ጠጣ!» ይለዋል።

የተሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ የተነገረው ነገር ግን ለየቅል ነው። አማርኛው «ሻይና» ሲል ሁለት ነገር ያጣምራል፣ «ና!» ሲል ደግሞ ሰው ይጠራል። የስዋሂሊው «ና» እንደ አማርኛዋ አጣማሪ ናት፤ ልዩነቱ የእኛዋ የፊተኛው ቃል ጭራ ላይ ስትንጠለጠል የእነርሱ ከኋለኛው ቃል ፊት ለብቻዋ መቆሟ ነው። የኦሮምኛው «ና» «እኔን» ማለት ነው። የሶማሊኛው «ናኣ» ሴትን መጥሪያ ነው፤ «አንቺ!» እንደማለት። ሶማሊኛ ከዚያም አልፎ «ና ሲ» ሲል «ስጠን» ማለቱ ሲሆን፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ከሌላው ሲያያይዝም በቃል መጨረሻ ላይ «ና» ይቀጥላል።

ቃላትን በፍቅር የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «ከአንድ ምንጭ ይሆኑ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ድምፅን ከድምፅ በማስተያየት ብቻ አይገኝም፤ እያንዳንዷ «ና» ያለፈችበትን መንገድ ወደኋላ መከተል ያስፈልጋል። ይህን የምለው ለቋንቋ ጨዋታ አይደለም። በአገራችን የአንድ ከተማ ስም ከሩቅ አገር ቃል ጋር ገጠመ ተብሎ የሕዝብ የዘር ሐረግ ሲመዘዝ፣ ሁለት ድምፅ ተመሳሰለ ተብሎ የማን ቀደምትነት ሲፈረድ እየሰማን ነው። በዚህ ዓይነት ፍርድ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የአንዲትን ትንሽ ቃል ፈለግ በትዕግሥት መከተል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የምጀምረውም ከእኛዋ ነው።

ዐይኗን የጣለች ቃል

ፊደል የቆጠርን ሁሉ «ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና» ስንል ሳናውቀው ሁለት ትእዛዝ ሰጥተናል፤ «ኑ» እና «ና»። ከአንድ ፊደል ያለፈ አካል የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው። ከዚህ ያጠረ ነገር በአማርኛ መጻፍ አይቻልም።

እንዲህ አጥረው አልተወለዱም። ግዕዙ ለወንድ «ነዓ»፣ ለሴት «ንዒ»፣ ለብዙዎች «ንዑ» ይላል። በዘመነ ጽጌ ማኅሌት ቆሞ ያነጋ ሰው «ንዒ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ ሰምቷታል፤ ያቺው የእኛዋ «ነይ» ናት። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ንዓ፣ ንዒ፣ ንዑ» ይላል፤ ከጉሮሮ የምትወጣዋን ድምፅ አላጎደለም። አማርኛ ግን ይህችን ድምፅ ከጣላት ቆየ። ፊደሏን «ዐይኑ ዐ» እያልን እንጽፋታለን እንጂ ሲናገር ከ«አልፋው አ» ለይቶ የሚጠራት የለም።

«ና» የ«ነዓ» ልጅ መሆኗን የምናውቀው ስለምትመስላት ብቻ አይደለም። ሌሎች ቃላትም በዚያው መንገድ አልፈዋል። የግዕዙ «ሰምዐ» በአማርኛ «ሰማ» ሆነ፤ «በልዐ» «በላ» ሆነ። የጉሮሮ ድምፅ በወደቀበት ቦታ ሁሉ «አ» የምትለው አናባቢ ቀርታለች። «መጽአ» «መጣ» ሲሆን፣ «ወፅአ» «ወጣ» ሲሆንም እንዲሁ ነው፤ በእነዚህ ላይ ደግሞ ጸ እና ፀ ወደ ጠ ተለውጠዋል። የቋንቋ ተመራማሪዎች ዝምድናን የሚያምኑት እንዲህ ያለ ለውጥ በብዙ ቃል ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲደጋገም ነው። አንድ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ከድምፁ ይልቅ ደግሞ ሰዋስዉ ይገርማል። በላ ብላ፣ ሰማ ስማ፣ ወጣ ውጣ እንላለን። መጣ ላይ ስንደርስ «ምጣ» አንልም፤ ግሡን እዚያው ትተን ከሌላ ቤት «ና»ን እናመጣለን። መከልከል ስንፈልግ ደግሞ ወደ መጣ እንመለሳለን፤ «አትና» የሚል የለም፣ «አትምጣ» ነው። ለአክብሮትም «ይምጡ» እንላለን፤ ስለ ሌላ ሰው ስንናገርም «ይምጣ»። «ና» የምትሠራው ፊት ለፊት ላለ፣ «አንተ» ለሚባል፣ እንዲቀርብ ለተፈለገ ወንድ ብቻ ነው። ለቄሱ አትሆንም፣ ለአማት አትሆንም፣ ለባዳ ሽማግሌ አትሆንም። ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለጓደኛ የተጠበቀች ናት፤ «ና ብላ» የምትለዋ የገበታ ጥሪ የምትሞቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ኦሮምኛ «መጣ» ለማለት «ዹፌ» ይላል፤ ሲጠራ ግን «ኮቱ»። ሶማሊኛ «ዪሚድ» ብሎ ሲጠራ «ካላይ» ይላል። ስዋሂሊ መምጣትን «ኩጃ» ብሎ ትእዛዙን «ንጆ» ያደርገዋል። ዓረብኛ «ጃአ» ብሎ ጥሪውን «ተዓል» ይላል፤ ይህ ቃል በሥሩ «ከፍ በል» ማለት ነበር። ጥንታዊው ቅብጥ «ኢ» ብሎ «አሙ» ነበር የሚለው። በዘር የሚቀራረቡም የማይቀራረቡም ቋንቋዎች፣ ከዓባይ አፍ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ እዚህች ቦታ ላይ ሲደርሱ ግሣቸውን ይቀይራሉ። የድምፁ ቅርጽ በየቋንቋው የተለያየ ነው፤ ልማዱ ግን አንድ ነው። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ልዩባ ቬሰሊኖቫ ይህን ክስተት በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ላይ አጥንታዋለች፤ ትእዛዛቸውን ከሌላ ሥር ከሚያመጡ ግሦች መካከል ቀዳሚዎቹ መምጣትና መሄድ ናቸው።

ምክንያቱም ለመረዳት አይከብድም። ሰው ከሩቅ የሚጠራበት ቃል ቀን በቀን መቶ ጊዜ ይነገራል፤ ለእረኛው፣ ለልጁ፣ ለውሻውም ይነገራል። እንዲህ የሚደጋገም ቃል በአፍ ስለሚለመድ ሌሎቹ ግሦች የሚመሩበት ሥርዓት አያሸንፈውም። ሕፃንም ከማንኛውም ግሥ እርባታ በፊት የሚሰማው እርሱን ነው።

በሆሳዕና ውስጥ ያለችው

በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ምእመናን ዘንባባ በግንባራቸው አስረው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ በአፋቸው ያለው የበዓሉ ስም ሌላ «ና» ይዟል። «ሆሳዕና» ከዕብራይስጥ የመጣ ጥሪ ነው፤ «ሆሺዓ» አድን ማለት ሲሆን «ና» ደግሞ ልመናን የምታለሰልስ ቃል ናት፤ «እባክህ» እንደማለት። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያለ ልመና ነበር፤ በኋላ የደስታ ጩኸት ሆነ፤ በእኛ ዘንድ የእሑድ ስም ሆነ፤ የሐዲያ ዞን ዋና ከተማም ተጠርታበታለች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ግሪክኛ የጉሮሮዋን ዐ የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው ቃሉን ያለ እርሷ ነው የጻፈው። የግዕዙ አጻጻፍ ግን «ሆሳዕና» ብሎ ዕን በቦታዋ አስቀምጧታል። ያቺ ዕ ሆሴዕ በሚለው የነቢዩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ናት፤ ሁለቱም «ማዳን» ከሚለው ከአንዱ የዕብራይስጥ ሥር የበቀሉ ናቸውና። ስናነባት ባትሰማም አጻጻፉ ትውልዷን ጠብቆላታል። ከተመሳሳይ ድምፅ ፊደላት አንዱን ብቻ አስቀርተን ሌሎቹን እንጣል የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የማስበው ይህችን ዕ ነው።

የዕብራይስጧ «ና» ዛሬም በእስራኤል ትኖራለች፤ በአፍ ግን ብዙም አትነገርም። ሰዎች ሲነጋገሩ «ቤቫካሻ» ይላሉ፤ «ና» በግድግዳ ጽሑፍ ላይ ነው የምትታየው። «ና ሎ ላጋዓት» የሚል ሰሌዳ «እባክዎ አይንኩ» ማለት ነው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። ኡልፓን የሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ገብተው ፊደል ሲቆጥሩ ከእነዚህ ሰሌዳዎች ጋር ተዋወቁ። በአማርኛ «ና» ሲባል ቅረብ ማለት ሆኖ ያደገ ሰው፣ በመጀመሪያ የሚያነባት «ና» አትንካ ከሚል ክልከላ ጋር ተጣብቃ ስትመጣ ምን እንደሚሰማው መገመት ይቻላል።

ዕብራይስጥ ሌላም «ና» አለው። ስለ ፋሲካው በግ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 የተሰጠው ትእዛዝ ሥጋው «ና» ሆኖ እንዳይበላ ይከለክላል፤ እዚህ ላይ «ና» ጥሬ ማለት ነው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ያሉ፣ በድምፅም በፊደልም የማይለዩ፣ ነገር ግን የማይዛመዱ ሁለት ቃላት ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ይህ ከሆነ በሁለት አገር መካከል የሚገጥም ድምፅ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

እውነተኛ ዘመድ ፍለጋ ከሆነ የሚሻለው ሌላ ቦታ ነው። ዓረብኛ «ረበና» ሲል «ጌታችን» ማለቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» «የእኛ» የምትል ናት። ግዕዝ «አቡነ» ሲል ያቺው በ«ነ» መልክ አለች፤ «አባታችን» ማለት ነው። ዛሬ እንደ ማዕረግ ስለለመድናት ውስጧን አንመለከትም እንጂ «አቡነ» ብለን ጳጳስ በጠራን ቁጥር «የእኛ» እያልን ነው። የአማርኛው «ነገረን» መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» የእነርሱ እኅት ናት፤ አናባቢዋን ጥላ ተነባቢዋን ብቻ ይዛ የቀረች። ና፣ ነ፣ ን አንድ ቤተሰብ ናቸው። «ነዓ»ና የዕብራይስጧ ጥሬ ሥጋ ግን በአንድ ድምፅ ከመገናኘት በቀር ምንም የላቸውም።

ውሰድ፣ እነሆ፣ እሺ?

በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። ሩሲያኛ «ና ስቶሌ» ሲል «ጠረጴዛው ላይ» ማለቱ ነው፤ ይህችኛዋን ክፍል ውስጥ ይማሯታል። ሌላኛዋን የሚያስተምራት ግን የጋራ ወጥ ቤቱ ነው። አብሮ አዳሪው ዳቦ ቆርሶ እጁን ዘርግቶ «ና!» ቢል «እንካ!» ማለቱ ነው፤ ለብዙ ሰው ወይም በአክብሮት ሲሆን «ናቴ» ይሆናል። አዲስ የገባው አበሻ «ና» የተባለ መስሎት ቢጠጋ ዳቦው እጁ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ተናግረውና ሰምተው በአንድ ቁራሽ ዳቦ ተስማሙ ማለት ነው። ልጅ ቋንቋን የሚለምደው በእንዲህ ዓይነት ቦታ፣ እጅ ከቃል ቀድሞ በሚናገርበት ሁኔታ እንደሆነ ሳስብ ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ።

ግሪክ ላይ ግን እጅ አያስታርቅም። እኛ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን ጣቶቻችንን ወደ ራሳችን እናጥፋለን። ግሪካዊ «ና!» ብሎ አምስት ጣቱን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ሰው ፊት ከገፋ ከባድ ስድብ ነው። በሰላሙ ጊዜ ቃሏ «ይኸውልህ፣ እነሆ» ማለት ናት። ከዚያ ሌላ ግሪክኛ በየዐረፍተ ነገሩ የሚጠቀምባት «ና» አለች፤ «ልሂድ፣ ልብላ» ስንል የእኛ «ል» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። እርሷ ጥንት «ሂና» የምትባል ባለ ሁለት ቀለም ቃል ነበረች፤ የፊቱ ቀለም ወድቆ የኋላው ቀረ።

ፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ ደግሞ ጀርመናዊ የሥራ ጓደኛው ጠዋት በር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና?» ሲለው ይሰማል። «እህ፣ እንዴት ነህ?» ማለት ነው። መልሱም «ና» ሊሆን ይችላል፤ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ሰላምታው ያልቃል።

ፖርቱጋልኛ «ና» ሲል ሁለት ቃላት ማለትም «ውስጥ» የሚለውንና የሴት ጾታ መስተአምሩን ጨፍልቆ ነው፤ «ና ካዛ» ቤት ውስጥ ማለት ነው። ሃዋይኛ ስምን ለማብዛት ረዘም አድርጎ «ና» ይላል። በቬትናም ሰሜን «ና» እኛ ጊሽጣ የምንለው ፍሬ ነው። በታይኛ ረዘም ስትል የሩዝ ማሳ ናት፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ታይላንድ የተመሠረተው የላና መንግሥት ስም «ሚሊዮን የሩዝ ማሳ» ማለት ነው።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ ሐውሳ «ና ዞ» ቢል «መጣሁ» ማለቱ ነው፤ «ና» «እኔ» ሆና ያለቀ ድርጊት ታመለክታለች። ምስጋናውም «ና ጎዴ» ነው። የናይጄሪያ ፒጅን «ና ሚ» ሲል «እኔ ነኝ»፣ «ና ሶ» ሲል «እንዲህ ነው» ይላል። በኮሪያኛም «ና» «እኔ» ናት፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የደረሱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዙሪያቸው ሲሰሟት «ና» የተባሉ ሳይመስላቸው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ሪያድ ወይም ዱባይ ባለ ቤት ውስጥ አብረው የሚሠሩ ኢትዮጵያዊትና ፊሊፒናዊት ደግሞ በየቀኑ ሌላዋን «ና» ይለዋወጣሉ። ሥራ አልቆ ምግብ ሲቀርብ ፊሊፒናዊቷ «ካይን ና» ትላለች፤ «በቃ አሁን እንብላ» ነው። በታጋሎግ «ና» «አሁን፣ ደረሰ» የምትል ቃል ናት። ኢትዮጵያዊቷ «ነይ ብዪ» ብላ የምታውቀው የገበታ ጥሪ በባዕድ ቋንቋ ሲደርሳት፣ ቃሉን ሳትማር ነገሩ የሚገባት ይመስለኛል። የቤቱ እመቤት በዓረብኛ «ተዓሊ» ብላ ከጓዳ ስትጣራ ደግሞ ሁለቱም ይነሣሉ።

ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ

ቻይንኛ ውስጥ «ና» ብቻዋን አትበቃም፤ ዜማዋ መታወቅ አለበት። ከታች ወደ ላይ ስትወጣ «ውሰድ፣ ያዝ» ትላለች። ወርዳ ስትወጣ «የትኛው» ትሆናለች። ከላይ ወደ ታች ስትወድቅ «ያ» ማለት ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ግንባታ ላይ ቻይናውያንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ለዓመታት አብረው ውለዋል። አለቃው «ይህን ያዝ» ሲል በአማርኛ ጆሮ የሚሰማው «ና» ነው። እኛ ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም እንለያለን፤ «ገና ነው» ስንልና «ገና ደረሰ» ስንል ልዩነቱን ባዕድ አይሰማውም። የእነርሱ ዜማ ለእኛ እንደዚያው ነው።

ከሕንድ እስከ ኢራን «ና» እምቢ ናት። የሂንዲው «ና»፣ የፋርስኛው «ና»፣ የሩሲያኛው «ኔ»፣ በእንግሊዝኛው «ኖ» ውስጥ ያለችው «ን» ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወረዱ ናቸው፤ ይህም እንደ ሰማና በላ በብዙ ቃላት ተፈትኖ የተረጋገጠ ዝምድና ነው። በሂንዲ ግን ያቺው እምቢታ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ ትለሰልሳለች፤ «አይደል?» ትሆናለች። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራንን የሚያስታውሱ አንባቢዎች፣ የእንግሊዝኛቸው መጨረሻ ላይ ጣል የምትደረገዋን ያቺን «ና» ያስታውሷት ይሆናል።

ለምን እርሷ?

ይህ ሁሉ «ና» ለምን በዛ? የመጀመሪያው ምክንያት በአፋችን ውስጥ ነው። ከንፈር ተከፍቶ፣ ምላስ ከጥርስ በላይ ነክቶ ሲለቅ፣ አየር በአፍንጫ ሲያልፍ «ን» ትወጣለች፤ ከዚያ አፍ ሲከፈት «አ»። አብዛኞቹ የዓለም ቋንቋዎች ሁለቱንም ድምፆች አላቸው። ሕፃን ገና ዓመት ሳይሞላው «ናናና፣ ማማማ» እያለ የሚለማመደው ከእነዚህ ጋር ነው። አንድ ቋንቋ 20 ተነባቢና 5 አናባቢ ቢኖረው፣ አንድ ተነባቢን ከአንድ አናባቢ በማጋጠም የሚያገኘው 100 ድምፅ ብቻ ነው። በዓለም ላይ 7 ሺህ ገደማ ቋንቋ አለ። እያንዳንዱ ለ«እና»፣ ለ«እኔ»፣ ለ«አይደለም»፣ ለ«እንካ» አጭር ቃል ይፈልጋል። ከዚያች ጠባብ ከረጢት ሁሉም ሲዘግኑ «ና» ደጋግማ ባትወጣ ነው የሚደንቀው።

ሁለተኛው ምክንያት መደጋገም ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ ባለፈው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ እንዳሳየው፣ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ቃላት አጭር የመሆን ጠባይ አላቸው። ሲነገሩ ሲነገሩ ጠርዛቸው ያልቃል። «ነዓ» ዐይኗን ጣለች፤ «ሂና» ራሷን ጣለች፤ በፖርቱጋልኛ ሁለት ቃላት ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። ረጅም ሳሉ የማይመሳሰሉ ቃላት ሲያጥሩ አንድ መልክ ይይዛሉ።

ይህን በደንብ የሚያሳይ ታሪክ ከአውስትራሊያ አለ። በ1960ዎቹ የቋንቋ ሊቁ ዲክሰን በሰሜን ኩዊንስላንድ ምባባራም የተባለውን ሊጠፋ የተቃረበ ቋንቋ ለመመዝገብ ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች አንዱ ወደሆኑት አልበርት ቤኔት ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ውሻን በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ነገሩት፤ «ዶግ»። እንግሊዝኛው ራሱ! ማንም ሰው ከነጮች የተወሰደ ቃል ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ዲክሰን የጎረቤት ቋንቋዎችን ሲመረምር ግን ውሻ «ጉዳጋ» ሆኖ አገኘው። ምባባራም የቃላቱን የፊት ቀለም የመጣል ልማድ ስላለውና አናባቢዎቹም በሥርዓት ስለተለወጡ «ጉዳጋ» ቀስ በቀስ «ዶግ» ላይ ደረሰ። በድምፅ የሚመስለው እንግሊዝኛ ባዳ ነው፤ የማይመስለው «ጉዳጋ» ወንድሙ ነው። የፋርስኛው «ባድ» እና የእንግሊዝኛው «ባድ» ሁለቱም መጥፎ ማለት ሆነው ሳለ አይዛመዱም።

ስለዚህ ሁለት ቃላት ሲመሳሰሉ ሦስት መንገድ አለ፤ አብረው ተወልደው ይሆናል፣ አንዱ ከሌላው ተበድሮ ይሆናል፣ ወይም እንዲሁ ገጥመው ይሆናል። የስዋሂሊዋ አጣማሪ «ና» በብዙ የባንቱ ቋንቋዎች ተዘርግታ ያለች ናት፤ በስዋሂሊ «አለኝ» ለማለት «ኒና» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ከ… ጋር ነኝ» ነው። ቱሪስት ሁሉ የሚያውቀው «ሀኩና» ውስጥም አለች፤ «የለም» የሚለው ከእርሷ ነው የተሠራው። ከአማርኛዋ ጋር የገጠመችው በአጋጣሚ ነው። የሶማሊኛዋ አያያዥ ግን በዚህ ፍጥነት አትታለፍም። የሴምና የኩሽ ቋንቋዎች በምድራችን ላይ ለሺህ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ራሱ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ጋር የሚያመሳስለው ጠባይ ነው። ጎረቤት በቃልም በሰዋስውም ይወራረሳል። እዚህ ላይ መፍረድ የሚችለው በየሰፈሩ ዞሮ፣ ከ80 በላይ በሆኑት ቋንቋዎቻችን ሰው እንዴት እንደሚጠራና ነገር እንዴት እንደሚጣመር መዝግቦ፣ ለውጡ በሌሎች ቃላት ላይ መደገሙን የፈተነ ሰው ነው። ይህን ሥራ ከሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን በላይ የሚደነቅ ያለ አይመስለኝም፤ በድምፅ ግጥምጥም ታሪክ የሚጽፉትን ያህል ግን አድማጭ አላገኙም።

ጃፓንኛን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሁሉንም በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። በዚያ ቋንቋ «ና» ክልከላ ናት፤ ከግሡ ኋላ ገብታ «አትብላ፣ አትሂድ» ታሰኛለች። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ይህንኑ ስትሠራ ትገኛለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ «ናሳይ» የሚል ቃል መጣ፤ ከአክብሮት ግሥ የተወለደ ሲሆን ወላጅ ለልጁ፣ መምህር ለተማሪው ትእዛዝ ሲሰጥ ይናገረዋል። በቅርብ ሰዎች መካከል ይህ ቃል አለቀና «ና» ብቻ ቀረ። አሁን አንድ ቋንቋ ውስጥ «አታድርግ» የምትልና «አድርግ» የምትል ሁለት «ና» አሉ፤ የሚለያቸው ከፊታቸው ያለው የግሡ ቅርጽ ብቻ ነው። «መጣ» በሚለው ግሥ ላይ ስንሞክራቸው «ኪ ና» ማለት «ና» ነው፤ «ኩሩ ና» ደግሞ «አትምጣ» ነው። ቶኪዮ ላይ «ኪ ና» ሲባል ሰምቶ የተጠጋ አማርኛ ተናጋሪ በትክክል ሰምቷል፤ «ኩሩ ና» ሲባል ከተጠጋ ግን እንዳይመጣ የተነገረው ሰው ነው።